የቅዳሜው የሥዕል ክፍል ይከፈት፤ «ዘላቂ ጥቅሙ አልተረጋገጠም» ለተባለውም መልስ አለኝ

ቀን፦ ጥቅምት 11 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለኦፔኖ ዳር ሙዚየም የሥራ አመራር ቦርድ ሰብሳቢ
ጋምቤላ

አመልካች፦ አኬሎ ኦሉም፣ ጡረታ የወጣሁ የባዮሎጂ መምህርት

ጉዳዩ፦ የወጣቶች የሥዕል መርሐ ግብር እንዲዘጋ የተላለፈው ውሳኔ ጥቅምት 20 ቀን በሚደረገው የቦርድ ስብሰባ እንዳይጸድቅና የክፍሉ ቁልፍ እንዲመለስልን ስለመጠየቅ

ክቡር ሰብሳቢ፣

ይህን ማመልከቻ ሦስት ጊዜ ጽፌ ሁለቱን ቀድጃለሁ። የቀደድኳቸው ቁጣ የበዛባቸው ነበሩ። ከዚህኛውም ቁጣው አልጠፋም፤ ቢያንስ ግን በቅደም ተከተል ተቀምጧል።

1. ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ፣ በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት የተዘጋንበት አንድ ዓመት ሳይቆጠር፣ ለዘጠኝ ዓመታት በሙዚየሙ የኋላ ክፍል ከ14 እስከ 18 ዓመት ለሆናቸው ልጆች በየቅዳሜው በፈቃደኝነት ሥዕል አስተምሬአለሁ። አሠራራችን የሚከተለው ነበር። አንድ ልጅ ከሙዚየሙ ዕቃዎች አንዱን ይመርጣል። የሚመርጠው በራሱ ቤት የማይገኝ፣ የጎረቤት ሕዝብ ዕቃ መሆን አለበት። አራት ቅዳሜ ያንኑ ዕቃ ብቻ ይሥላል። ላጲስ አይፈቀድም፤ የተሳሳተው መስመር እንዲታይ እፈልጋለሁ። ከዚያ ሥዕሉን ይዞ ዕቃውን በእጃቸው የሠሩ ወይም የተጠቀሙ አዛውንት ዘንድ ይሄድና «የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት?» ብሎ ይጠይቃል። አዛውንቱ ካረሙት በኋላ ብቻ የዕቃውን መግለጫ በካርድ ላይ ይጽፋል። ሙዚየሙ እስካለፈው ሐምሌ ድረስ ለጎብኚ ያሳያቸው የነበሩት መግለጫዎች እነዚህ ካርዶች ናቸው።

2. ሐምሌ 9 ቀን 2017 ዓ.ም. ከሙዚየሙ ጽሕፈት ቤት የሁለት መስመር ደብዳቤ ደረሰኝ። «መርሐ ግብሩ ለወጣቶች ያለው ዘላቂ ጥቅም ስላልተረጋገጠ፣ ክፍሉ ለስብሰባ አገልግሎት እንዲውል ተወስኗል» ይላል። ማን እንዳጣራ፣ ማንን እንደጠየቀ፣ መቼ እንደጠየቀ አይገልጽም። ጽሕፈት ቤቱ ድረስ ሄድኩ። ያነጋገረኝ ኃላፊ፣ «እማማ፣ እነዚህ ልጆች ሥዕል ሥለው የት ሊደርሱ ነው? ኮምፒውተር ቢማሩ አይሻልም?» አለኝ። እማማ መባሌ አልከፋኝም፤ ሰባ ዓመቴ ነው። የከፋኝ ጠይቆኝ ሳለ መልሴን ሳይሰማ ስልኩን ማንሣቱ ነው። «ስብሰባ አለብኝ» ብሎ አሰናበተኝ። ለስብሰባ ተፈለገ የተባለውን ክፍል ስወጣ በመስኮት አየሁት። እስከ ጣሪያው የተደራረበ የፕላስቲክ ወንበርና የተጠቀለለ ባነር ተከማችቶበታል። ባለፈው ሳምንትም አይቼዋለሁ፤ አንድም ወንበር ከቦታው አልተነቃነቀም።

3. ቦርዱ ያላጣራውን እኔ አጣራሁ። ከሐምሌ አጋማሽ እስከ መስከረም መጨረሻ፣ ዝናቡ ጋብ ባለ ቁጥር በእግሬ፣ ጉልበቴ እምቢ ሲለኝ በባጃጅ፣ በመጀመሪያዎቹ አራት ዓመታት የተማሩትን ፈለግሁ። እነዚህን የመረጥኩት ዛሬ ሁሉም አዋቂ ስለሆኑ ነው፤ ዘላቂ የሚባለውን ከእነርሱ በቀር የሚያሳይ የለም። ያጠናቀቁት 64 ነበሩ፤ 51 አገኘሁ። ከቀሩት ሁለቱ አርፈዋል፤ አሥራ አንዱ ከክልሉ ወጥተው አድራሻቸው ጠፍቶኛል። ላገኘኋቸው ሁሉ አንድ ዓይነት አራት ጥያቄ አቀረብኩ፤ መልሳቸውን እዚያው ፊታቸው ጻፍኩ፤ አንብበው ፈረሙበት።

የሣሉትን ዕቃ ሳያዩ አሠራሩን በትክክል ያስረዱኝ 49 ናቸው። ያኔ የተማሩትን ዛሬ ለምን ተግባር እንደሚጠቀሙበት በሥራቸው ላይ ያሳዩኝ 38 ናቸው፤ ወሬ አልተቀበልኩም፣ አሳዩኝ ነው ያልኳቸው። ያረሟቸውን አዛውንት ወይም ቤተሰባቸውን እስከ ዛሬ ቤታቸው እየሄዱ የሚጠይቁ 29 ናቸው። ጊዜ ማባከን ነበር ያሉኝ ደግሞ ስድስት ናቸው። ከስድስቱ አንዷ በከተማው መሃል የአባቷን የጨርቅ ሱቅ የምታስተዳድረው ሪድዋና ናት። «መምህርት፣ ልዋሽዎት እንዴ? ቅዳሜ ገበያ ነው፤ አባቴ በየሳምንቱ ይቆጣኝ ነበር፤ ሥዕሌም አላማረም» አለችኝ። ቃሏን እንዳለ አስፍሬአለሁ። የማይመቸኝን መልስ የምደብቅ ሰው ብሆን ኖሮ የተቀረውም ባልታመነ ነበር።

ሥዕል ሥለው የት እንደሚደርሱ ለጠየቀኝ ኃላፊ ሁለት ሰው ልጥቀስ። ኛቾል ኒውላንድ የሚባለው የከተማችን ሰፈር ልጅ ናት፤ ዛሬ በአንድ ክሊኒክ ነርስ ናት። ከእርሷ ጋር የጋራ ቋንቋ ለሌላቸው እናቶች በመድኃኒቱ ከረጢት ላይ ፀሐይ፣ ጨረቃና የክኒኑን ቁጥር ትሥልላቸዋለች፤ ከዚያ ከረጢቱን ታቀብላቸውና በምልክት መልሰው እንዲያስረዷት ታደርጋለች። ያልገባቸው ከሆነ ሥዕሉን እንጂ ሴትዮዋን አትወቅስም። እዚያ ቆሜ አንድ ጧት ሙሉ አይቻለሁ።

ሁለተኛው ሁዘይፋ ነው፤ የነጋዴ ልጅ ነው፣ ወላጆቹ ከደጋ የመጡ ናቸው። በአሥራ አምስት ዓመቱ የመረጠው አቶ ኦቹዶ ለሙዚየሙ የሰጡትን የዓሣ ማጥመጃ ቅርጫት ነበር። አቶ ኦቹዶ ዕድሜአቸውን በባሮ ወንዝ ላይ የጨረሱ ዓሣ አጥማጅ ናቸው። ቅርጫቱ ከላይም ከታችም ክፍት ነው፤ ጥልቀት በሌለው ውኃ ዓሣው ላይ ይደፋና በላይኛው ቀዳዳ እጅ አስገብተው ያወጡታል። ሁዘይፋ ላዩን ዘግቶ ሣለው። አቶ ኦቹዶ ሥዕሉን አገላብጠው አዩና፣ «ጎበዝ፣ ዓሣውን አሰርክልኝ፤ አሁን እጄን በየት ላስገባ? ወይስ ና ውጣ ብዬ ልለምነው?» አሉት። ልጁ ሦስት ጊዜ ተመለሰ። በሦስተኛው አቶ ኦቹዶ ወንዝ ይዘውት ወረዱ። ዘንድሮ ከአሥር ዓመት በኋላ፣ አቶ ኦቹዶ ሲታመሙ ሆስፒታል ያደረሳቸውና አራት ቀን አጠገባቸው የተቀመጠው ሁዘይፋ ነው። በከተማችን ሰው ከጎረቤቱ ጋር የሚፈራራበት ጊዜ እንደነበር ለቦርዱ ማስታወስ አያስፈልገኝም። በዚያም ጊዜ ልጁ እኒያን ሽማግሌ መጠየቁን አላቋረጠም። ዘላቂ ጥቅም የሚባለው ሌላ ከሆነ ይነገረኝ።

4. አሁን በእጅጉ ወዳስቆጣኝ ነገር እመጣለሁ። ሙዚየሙ በክረምቱ ታድሶ መስከረም ላይ ሲከፈት የልጆቹ ካርዶች ተነሥተው በታተመ መግለጫ ተተክተዋል። የአቶ ኦቹዶ ቅርጫት በጎኑ ተጋድሞ በመደርደሪያ ላይ ተቀምጧል፤ ከሥሩ «የጫጩት መክደኛ ቅርጫት» ይላል። በመክፈቻው ቀን ከአቶ ኦቹዶ ጋር አብረን ነበርን። ሽማግሌው ማንበብ ስለማይችሉ ምን እንደሚል ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። «አኬሎ፣ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ከባሮ ጫጩት ነው እንዴ ሳወጣ የኖርኩት?» አሉ። አጠገባችን የነበሩ ሰዎች ሳቁ፤ እርሳቸውም ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። ከበሩ ስንወጣ ቅርጫቱን ለማስመለስ ለማን እንደሚያመለክቱ በቀስታ ጠየቁኝ።

መግለጫውን ያዘጋጁትን ባለሙያ አነጋገርኩ። «እኛ አካባቢ እንዲህ ያለው ለጫጩት ነው፤ ጭልፊት እንዳይወስዳቸው ይደፋባቸዋል» አሉኝ። ስላደጉበት አካባቢ የተናገሩት ትክክል ሊሆን ይችላል። ጥፋቱ አለማወቃቸው አይደለም፤ ሰጪው በከተማው በሕይወት እያሉ፣ በእግር አሥር ደቂቃ ርቀት ላይ እያሉ አለመጠየቃቸው ነው። በእኔ ክፍል ይህን ያደረገ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ካርድ እንዲጽፍ አይፈቀድለትም ነበር። ጥቅሙ አልተረጋገጠም የተባለው ትምህርት ይኸው ነው፤ ያልተማረ ተቋም ምን እንደሚያደርግ መደርደሪያው ላይ ይታያል።

ክቡር ሰብሳቢ፣ እኔም ከዚህ ጥፋት ነፃ አይደለሁም። በሥራ ላይ ሳለሁ «የዓሣን የአካል ክፍሎች ዘርዝር» የሚል ፈተና ብሰጥ ቦል የሚባል ተማሪ በመዘርዘር ፈንታ ዓሣ ሣለልኝ። ክንፉም፣ የሚተነፍስበት ስንጥቡም፣ መጽሐፋችን ውስጥ ያልነበረው በጎኑ የሚሄደው የስሜት መስመርም ሳይቀር በቦታው ነበር። ጥያቄው ዘርዝር ስለሚል ዜሮ ሰጠሁት። በዚያ ዓመት ወደቀ፤ በሚቀጥለው አልተመለሰም። ጡረታ በወጣሁ በሳምንቱ ክፍል ስጡኝ ብዬ ሙዚየሙን የለመንኩት ስለዚህ ነው። ተማሪ ያወቀውን ሳያዩ ዜሮ መስጠት ምን እንደሆነ ከራሴ አውቀዋለሁ፤ ቦርዱ በ64 ሰው ላይ ሲያደርገው ዝም ማለት አልቻልኩም።

5. ስለዚህ የምጠይቀው የሚከተለውን ነው።

ሀ. የሐምሌ 9ኙ ውሳኔ እንዲሻር፣ ወንበሮቹ እንዲወጡና ቁልፉ እንዲመለስልን። ልጆቹ የሚቀመጡበትን ምንጣፍ ከቤቴ አመጣለሁ።

ለ. የልጆቹ ካርዶች የት እንዳሉ እንዲገለጽልኝና ወደ ቦታቸው እንዲመለሱ። ተጥለው ከሆነ ማን እንዳዘዘ በጽሑፍ እንዲነገረኝ።

ሐ. የአቶ ኦቹዶ ቅርጫት በዚህ ሳምንት እንዲቃና፣ ባለሙያውም ቤታቸው ሄደው እንዲጠይቋቸው። ይቅርታ እንዲሉ አላልኩም፤ ጠይቀው እንዲጽፉ ነው።

6. ለዘንድሮ የተመዘገቡ ሃያ ሁለት ልጆች አሉ። ቅዳሜ ጥቅምት 22 ቀን ከጧቱ ሦስት ሰዓት ላይ በሙዚየሙ በር እንዲገኙ ከደብዳቤው በፊት ቀጥሬአቸዋለሁ፤ ቀጠሮውንም አልሰረዝኩም። ቦርዱ ጥያቄዬን የማይቀበል ከሆነ፣ ከአባላቱ አንዱ በዚያ ሰዓት በሩ ላይ ቆመው ምክንያቱን ለልጆቹ በራሳቸው አንደበት እንዲያስረዱ እጠይቃለሁ። ለሠላሳ ሦስት ዓመት ከበላይ የመጣውን ሁሉ ለተማሪ ስነግር የኖርኩት እኔ ነኝ፦ መጽሐፉ አልደረሰም፣ ፈተናው ተሰርዟል፣ ወደየቤታችሁ ሂዱ። ይህንን ግን እኔ አልነግራቸውም።

ቁጣዬን ሳልሸሽግ፣ ከአክብሮትና ከሰላምታ ጋር

አኬሎ ኦሉም
(ፊርማ)

አባሪ፦ የ51 ሰዎች የተፈረመ መልስ፣ የስድስቱ ተቃውሞ ጭምር፤ የሐምሌ 9 ቀን ደብዳቤ ቅጂ፤ የቅርጫቱ ፎቶግራፍ
ግልባጭ፦ ለአቶ ኦቹዶ (ይነበብላቸዋል)፤ ለሃያ ሁለቱ ልጆች ወላጆች