ለቃለ መጠይቁ የታረደው ዶሮ

ላፍቶ፣ ጥቅምት

ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ከርመሽልኛል? ጉልበትሽስ እንዴት ይዞሻል? አባባ ያ ሳል ለቀቀው? የደብረ ሲና ብርድ ዘንድሮ በርትቷል ሲሉ ሰምቼ ሐሳብ ገብቶኛል። ያን ወፍራም ጋቢ ለእንግዳ ብለሽ ሳጥን ውስጥ አትቆልፊበት፣ ልበሺው። ሰው ደብዳቤ ሲጽፍ «ከናፍቆትሽ በስተቀር ደህና ነኝ» ይላል። እኔ ግን፣ እማዬ፣ ከንዴት በስተቀር ደህና ነኝ።

በስልክ ያልነገርኩሽ ለምን እንደሆነ አንቺም አታጪውም። ስደውልልሽ ድምፁን ለቀሽው ጎረቤቱ ሁሉ ይሰማል፤ ደግሞ ገና አፌን ስከፍት «በይ ካርድሽ እንዳያልቅ» ብለሽ ትዘጊብኛለሽ። ደብዳቤ አይዘጋም። ቁጭ ብለሽ እስከ መጨረሻው ታነቢኛለሽ።

ከተመረቅሁ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ያላንኳኳሁት በር እንደሌለ ታውቂያለሽ። አምና አንድ ቦታ ፈተናውን አልፌ ተያዥ አጥቼ የቀረሁት ጊዜ አብረሽኝ አልቅሰሻል። ገንዘብ የሚነካ ሥራ እንደዚህ ነው፤ ብታጎድይ እከፍላለሁ ብሎ የሚፈርምልሽ ደመወዝተኛ ሰው ካላመጣሽ ወንበሩ ላይ አያስቀምጡሽም። እኔ ደግሞ አዲስ አበባ ላይ ማን አለኝ? አደራ ብለሽ የሰጠሽኝ የልጅነት ጓደኛሽ እትዬ ማናዬ ብቻ። ግቢያቸው ውስጥ ያለችውን ሰርቪስ ክፍል ለቀውልኝ ያኖሩኛል፤ ውለታቸውን አልክድም። ደመወዝ ግን የላቸውም፣ ተያዥ መሆን አይችሉም።

መስከረም ላይ ታዲያ እትዬ ማናዬ ጠርተውኝ ችግሩ ሲቪዬ ነው አሉኝ። «ይሄ ሲቪ የምትሉት ነገር ደረቅ ብሏል፤ እኔ አሠርቼልሽ ትልልቅ ሰዎች ጋ አስገባልሻለሁ» አሉ። ሴትዮዋ ስለ ሲቪ ምን ያውቃሉ ብዬ እንኳን አላሰብኩም። የጨነቀው ሰው ምን ያስባል?

ታክሲ መያዣው አጠገብ ያለች የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ወሰዱኝ። ጸሐፊዋ ትጽፋለች፣ እሳቸው ከኋላዋ ቆመው ያዛሉ። መጀመሪያ ቁመቷ ይግባ አሉ። ኧረ እትዬ፣ ለሒሳብ ሠራተኛ ቁመት ምን ያደርጋል ብላቸው፣ የዶሴው መደርደሪያ ከፍ ያለ ቢሆንስ አሉኝ! ቀጥለው «ያላገባች» የሚለው ከስሜ ሥር በደማቁ ይጻፍ አሉ። የምሳለመው ደብር ይግባ አሉ። ጉርድ ፎቶዬን ስሰጣቸው ፊታቸውን አጨማደዱና ሀና ማርያም ለጓደኛዬ ሚዜ ሆኜ የተነሳሁትን፣ ያን ሙሉ ቁመት የሚያሳየውን አስለጠፉ። ልምምድ የሠራሁበትን «ያረዝመዋል» ብለው አስፋቁት። የዩኒቨርሲቲ ነጥቤንም አስወጡት። ሦስት ነጥብ ስምንት፣ እማዬ! እንቅልፌን አጥቼ ያመጣሁት ነጥብ! «ይሄን ሲያዩ ይፈራሉ» አሉ። እነማን ናቸው የሚፈሩት ብዬ ያኔ መጠየቅ ነበረብኝ።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ እልል እያሉ መጡ። ቅዳሜ ከሰዓት ቃለ መጠይቅ አለሽ፣ ብስራተ ገብርኤል፣ ባለቤቶቹ የህንፃ መሣሪያ መደብር ያላቸው የሀገራችን ሰዎች ናቸው አሉኝ። ለምን መኖሪያ ቤት ሆነ ብላቸው ቢሯቸው እየታደሰ ነው አሉ። የጓደኛዬን ኮት ተውሼ ተኩሼ ስጨርስ፣ የለም፣ የሐበሻ ቀሚስ ነው የምትለብሺው፣ ባህል አክባሪ ቀጣሪዎች ናቸው አሉኝ። ተጣልተን ተጣልተን ቀሚሱ ላይ ኮቱን ደርቤ ሄድኩ። ምን እንደምመስል አንቺው አስቢው።

ሳሎኑ ሙሉ ሰው ነው። ወይዘሮ ወርቅዬ የሚባሉ የቤቱ እመቤት፣ አቶ ገብረ መድኅን የሚባሉ ወንድማቸው፣ ሌሎች ሁለት ሽማግሌዎች፣ ጥግ ላይ ደግሞ ቦርሳውን ጭኑ ላይ ያደረገ አንድ ወጣት፤ ልጃቸው ነው፣ ቴዎ ይባላል። እኔ የቃለ መጠይቅ ኮሚቴ ነው ብዬ አንድ በአንድ ጨበጥኩ። ከጓዳ የዶሮ ወጥ ይሸታል። እስቲ ንገሪኝ፣ ለቃለ መጠይቅ ዶሮ የሚያርድ መሥሪያ ቤት ሰምተሽ ታውቂያለሽ?

አቶ ገብረ መድኅን ጉሮሯቸውን ጠረጉና የመጀመሪያውን ጥያቄ ጠየቁኝ። አባትሽ ማን ይባላሉ? አባይነህ። አያትሽ? ዘርጋው። ቅድመ አያትሽ? እኔ ሞኟ ምን እንዳሰብኩ ታውቂያለሽ? ሥራው ገንዘብ የሚነካ ስለሆነ ከተያዡ በፊት ዘመዶቼን የሚያጣሩ መሰለኝ! ደስ ብሎኝ እንግዳሸት አልኩ፣ ናደው አልኩ። ከዚያ ወዲያ ጠፋብኝ፤ ላቤ መጣ፣ በዚህ ልወድቅ ነው አልኩ። ያኔ አቶ ገብረ መድኅን ፈገግ ብለው ራሳቸው ቀጠሉልኝ። ጓንጉል፣ ወልደ ሐና፣ አሥራት። «ሰባት ቤት ሙሉ፣ የሚያገናኘን የለም» አሉና ወደ እህታቸው ዞሩ። ሁሉም «ተመስገን» አለ።

ካለፍኩማ ብዬ ቀና አልኩና፣ የወር ደመወዙ ስንት ነው አልኳቸው።

ወይዘሮ ወርቅዬን የሚጠጡት ውሃ ትን አላቸው። ያ ጥግ የተቀመጠው ልጅ «የምን ደመወዝ?» ብሎ ከቦርሳው ወረቀት አወጣ። የኔ ሲቪ ነው፣ በቀይ እስክሪብቶ ተሞልቷል። ለካ እሱንም ዋሽተውታል። ቃሊቲ መንገድ ያለ አንድ ፋብሪካ ሠራተኛ ቀጣሪ ክፍል ነው የሚሠራው፤ «አንዲት የሀገራችን ልጅ ሥራ አጥታ ተቸግራለች፣ ሲቪዋን እይላት» ብለውት ነው የመጣው። ወደ እናቱ ዞሮ ይህች ልጅ እዚህ የመጣችው ለምንድን ነው ሲላቸው፣ መልሱ ፊታቸው ላይ ተጻፈ። የኔም ደሜ ፈላ። ዶሮውን ቀጣሪዎቹ ይብሉት ብዬ ተነስቼ ወጣሁ።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። በእትዬ ማናዬ ላይ ብጮህ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሆንብኛል፣ ይቅርታ አድርጊልኝና። ጓንጉልን ማን ነገራቸው? ወልደ ሐናን አዲስ አበባ ላይ ማን ያውቀዋል? እኔ አላውቀውም። አባባ ራሱ የገዛ ዘሩን ሲቆጥር አምስተኛው ላይ ሲጠፋበት ከጓዳ ሆነሽ የምታስታውሽው አንቺ ነሽ። አንቺ፣ እማዬ! አብረሽ ዶልተሽብኛል።

በጣም ነው የከፋኝ። ዩኒቨርሲቲ ስሄድ መናኸሪያ ላይ ሻንጣዬን ይዘሽ ምን አልሽኝ? «እኔን ከስምንተኛ ክፍል ደብተሬን እንደያዝኩ ነው የዳሩኝ። አንቺ የራስሽን ደመወዝ በእጅሽ ሳትይዢ የማንንም ደጅ እንዳትረግጪ» አላልሽኝም? በዚያ ቃል ነው አራት ዓመት የተማርኩት። ደመወዝ ከያዝኩ በኋላ ባል ቢመጣ መርጬ ነው፤ አሁን ቢመጣ ግን ለቤት ኪራይ ነው፣ ለምሳ ነው። ልዩነቱን ካንቺ በላይ የሚያውቀው ማን አለ? «የአባይነህ ልጅ ተምራ ሥራ ፈትታ ተቀመጠች» የሚለው ወሬ እንዳንገበገበሽ ይገባኛል። እኔንስ አላንገበገበኝም? ቢሆንም ልጠይቅሽ ትችይ ነበር። ሁሉን ነገር ጠይቀሽ፣ የሙቶቹን ስም ሁሉ አስቆጥረሽ፣ እኔን ብቻ ሳትጠይቂ ቀረሽ።

ያን ቀን ስወጣ ልጁ «ያረምኩልሽን ውሰጂ» እያለ ታክሲ ድረስ ተከትሎኝ ሮጠ። መታረም ያለባችሁ አንተና እናትህ ናችሁ ብዬው ወረቀቱን ነጥቄው ገባሁ። ታክሲ ውስጥ ግን አየሁት። ቁመት፣ ይውጣ። ደብር፣ ይውጣ። ፎቶው ላይ አክብቦ «ቆንጆ ነው፣ ግን ይውጣ» ብሏል፤ ደፋር! ከታች ደግሞ «ነጥብሽ የት አለ? ልምምድ የት ሠራሽ? ምን ምን ትችያለሽ?» ብሎ ጽፏል። እማዬ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ምን እንደምችል የጠየቀኝ ሰው እሱ ብቻ ነው። እዚያው ታክሲ ውስጥ እንባዬ መጣ፣ ሰው እያየኝ።

ሥር ላይ ስልክ ቁጥሩን አስፍሮ ነበርና ደወልኩለት። ስለ ሲቪው ብቻ ነው፣ ሌላ እንዳታስቢ። መጀመሪያ ይቅርታ ጠየቀ። ከዚያ እኔ ጽፌ እልክለታለሁ፣ እሱ አርሞ ይመልስልኛል። ትሕትና አብዝተሻል ይለኛል፤ «ረድቻለሁ» የሚለውን አውጥቶ «ሠርቻለሁ» ብለሽ ጻፊ፣ ሠርተሽ የለም እንዴ ይለኛል። እኔ አከራክረዋለሁ፣ አይናደድም። ፋብሪካችን ላስገባልሽ ሲለኝ እንቢ አልኩት፤ በሽማግሌ በር ገባች እንዲሉኝ አልፈልግም። ልክ ነሽ ብሎ ተወው። ራሴ ይዤው ዞርኩ። ሀና ማርያም አካባቢ ያለ አንድ የዱቄት ፋብሪካ ጠራኝ፣ ተፈተንኩ፣ አለፍኩ። አንድም ሰው ስለ ጓንጉል አልጠየቀኝም። ሰኞ ረዳት ሒሳብ ሠራተኛ ሆኜ እጀምራለሁ። እልል በይ እንጂ!

የፊታችን እሁድ ሽማግሌዎች ደጅሽ እንደሚመጡ እትዬ ማናዬ አምልጧቸው ነግረውኛል። ሁለቱ ሴቶች አሁንም አልተዉም። ሰዎቹን በደንብ ተቀበያቸው፣ አብዪያቸው፣ አጠጪያቸው። ግን አንገትሽን ደፍተሽ «እንመካከርበታለን» እንዳትያቸው፤ እሱ እሺ ማለት መሆኑን ሁሉም ያውቃል። «ልጄ ሥራ ይዛለች፤ ዘንድሮ አይሆንም» በያቸው። ክፉ ቃል ግን አይውጣሽ፣ የወይዘሮ ወርቅዬ ደም ግፊት ደግ አይደለም አሉ። ደግሞ «ዘንድሮ» የምትለዋን እንዳትረሺያት።

ልትጠይቂኝ የቀረሽ አንድ ነገር አለ፤ አውቄብሻለሁ። ተያዥ ከየት አገኘሽ ነው የምትይኝ። አግኝቻለሁ። ትናንት ከሥራው አስፈቅዶ መጥቶ ፈረመ። ማን ነው፣ የማን ልጅ ነው ብለሽ ሰው እንዳትልኪ። ዘሩን እስከ ሰባት ቤት አንቺው ቆጥረሽ ጨርሰሻል።

ጉልበትሽን ይማርልኝ። ለአባባ እድሜ ይስጥልኝ። የመጀመሪያ ደመወዜን እጅሽ ላይ አስቀምጬ መርቂኝ እስክልሽ ድረስ አምላክ በሰላም ያቆይሽ።

አሁንም ያልበረደላት ልጅሽ