ማኅተም የተመታበት ሊንክ

ይድረስ ለተከበሩ አቶ ይበልጣል፣ የአል ባዲያ መረዳጃ ማኅበራችን ሊቀመንበር፤ ለእናቴ የመጨረሻ ቃል መጥፋት ተጠያቂ ነዎት ብዬ ለማምንብዎ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ስኳርዎ ይውረድልዎ፣ የመኖሪያ ፈቃድዎ ኢቃማው በጊዜው ይታደስልዎ፣ የአሠሪዎ የካፊልዎም ልብ ይራራልዎ። እኔ በአል ሻጢእ፣ በአሠሪዬ በማዳም ቤት፣ ደኅና ነኝ። ይህን ደብዳቤ በማኅበሩ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ በግልጽ የማወጣው እርስዎን ለማሳፈር አይደለም፤ ፊደል የቆጠርኩት በሃምሳ አራት ዓመቴ፣ ማኅበሩ ባቋቋመው የአርብ ትምህርት ስለሆነ፣ ምን ያህል እንደገባኝ አባላቱ ሁሉ እንዲያዩልኝ ብዬ ነው።

ነገሩን ለማያውቁ ባጭሩ ልንገር። እናቴ የዛሬ ሁለት ሳምንት ገደማ፣ ሰኞ ዕለት አረፈች። ከዚያ በፊት ሆስፒታል ተኝታ ሳለች የእኅቴ ልጅ መቲ በስልኳ ሠላሳ ሁለት ደቂቃ ቀርጻታለች፤ ስሜን እየጠራች ለእኔ ስትናገር። ቪዲዮው ከብዶ በተለመደው መንገድ አልሄድ ስላላት፣ ያለ ክፍያ ተቀብሎ ሰባት ቀን ብቻ በሚያስቀምጥ የኢንተርኔት አገልግሎት ላይ ጫነችውና ሊንኩን ማክሰኞ ጠዋት ለእርስዎ ላከች። ለእኔ ያልላከችው፣ መርዶ በስልክ አይነገርም፣ ሰው አጠገቧ ሆኖ ያርዳት ብላ ነው። አስተዳደጓ ጥሩ ነው።

ምስጋናዬ በዝርዝር እነሆ።

1ኛ. ሊንኩ በደረሰዎ ሰዓት «ደርሶናል፣ እናመሰግናለን» ብለው ስለመለሱላት ከልብ አመሰግናለሁ። መቲም ሊቀመንበሩ ደርሶናል ካሉ ደርሷል ብላ፣ ስልኳ ሞልቶ ስለነበር፣ ለቀብሩ ፎቶ ቦታ እንዲገኝ ቪዲዮውን አጠፋችው።

2ኛ. እርስዎ ሊንኩን ሳይከፍቱ ለጸሐፊያችን ለአቶ ምንያህል አስተላልፈዋል። እሳቸውም ያንን ረጅም የእንግሊዝኛ ፊደልና ቁጥር አንድ በአንድ በቃለ ጉባኤው መዝገብ ላይ በእጃቸው ገልብጠው፣ «ለወይዘሮ ቦሰና በአደራ የተቀመጠ» ብለው ከጻፉ በኋላ ማኅተም መትተውበታል። መዝገቡን አይቼዋለሁ፤ የእጅ ጽሑፋቸው ከእኔ እጅግ ያምራል። የማኅበራችን ማኅተም ያረፈበትን ነገር አንድ የማናውቀው ማሽን ደፍሮ ይሰርዘዋል ብሎ ማን ይገምታል። ቁልፉን ሣጥን ውስጥ ስትቆልፉ ቤቱ እየፈረሰ ነበር እንጂ በአደራ አጠባበቃችሁ እንከን የለም።

3ኛ. ኮሚቴው ረቡዕ ተሰብስቦ፣ በዚያው አርብ ወደ ኒስፍ አልቀመር ባሕር ዳርቻ የታሰበው ሽርሽር እንዳይበላሽ፣ መርዶዬ በሚቀጥለው አርብ እንዲነገር በሙሉ ድምፅ ወስኗል። እኔንም ከሽርሽሩ አላስቀራችሁኝም። ሾፌሩ ፋሩቅ የፊቱን ወንበር ሰጠኝ። ሴቶቹ ዕቃ እንዳላጥብ ከለከሉኝ። እርስዎ ራስዎ የተጠበሰውን ዓሣ እሾሁን እየለቀሙ ሦስት ጊዜ አጎረሱኝ። እኔ ሞኟ ያ ሁሉ አክብሮት ማንበብ ስለቻልኩ መስሎኝ፣ ከባሕሩ ዳር ቆሜ ከስልኬ አንድ ገጽ ሙሉ ጮክ ብዬ አነበብኩላችሁ። አጨበጨባችሁልኝ። እናቴ ከተቀበረች ሦስት ቀኗ ነበር። ቪዲዮው ያን ዕለት ገና አራት ቀን ቀርቶት ነበር።

ባለፈው አርብ አል ባዲያ ጠርታችሁ አረዳችሁኝ። አልቅሼ ሲወጣልኝ ሊንኩን ሰጣችሁኝ። ስከፍተው ነጭ ገጽ ላይ አንድ መስመር የባዕድ ጽሑፍ ብቻ ነው። እርስዎ «ኔትወርኩ ነው» አሉ። አቶ ምንያህል መዝገቡን አምጥተው ፊደል በፊደል አመሳከሩ፤ አንድም ስሕተት የለውም። ቤት ስመለስ ለማዳም ልጅ አሳየኋት። አነበበችና «ኸላስ፣ ማፊ» አለችኝ፤ አልቋል፣ የለም። በሃያ ሁለት ዓመት ኑሮዬ ትርጉማቸውን መጠየቅ ያላስፈለገኝ ሁለት ቃላት ናቸው።

4ኛ. ለአገልግሎቱ ባለቤቶችም ሰው ለምኜ አጽፌ ነበር። በደቂቃ ውስጥ መልስ መጣ፤ በዚህ አድራሻ ደብዳቤ አንቀበልም የሚል። እነሱን አልወቅስም። ሰባት ቀን አሉ፣ ሰባት ቀን ጠበቁ። በዚህ ነገር ውስጥ ቃሉን ያከበረ እነሱን ብቻ አገኘሁ።

አሁን የጠፋብኝ ምን እንደሆነ ልንገርዎ። እናቴ ወንድሞቼን ትምህርት ቤት ልካ እኔን ውኃ ለመቅዳት ያስቀረች ሴት ናት። አምና ፊደል ስለይ በሕይወቴ የመጀመሪያውን ደብዳቤ ለእሷ ጻፍኩ፤ የወቀሳ ነበር። መቲ አንብባላታለች። ዓመት ሙሉ ዝም አለችና መልሷን በዚያ ቪዲዮ ሰጠች። ምን አለች ብዬ መቲን ብጠይቃት፣ «አክስቴ፣ ባትሪው አምስት ፐርሰንት ቀርቶት ነበር፤ እሱን እሱን ሳይ ልብ ብዬ አልሰማሁም። ብቻ ይቅርታ የሚል ነገር ሰምቻለሁ» አለችኝ። ይቅርታ አድርጊልኝ ብላ ይሁን፣ ይቅር ብዬሻለሁ ብላ ይሁን፣ አላውቅም። የሚነግረኝም የለም። ለእርስዎ የምጽፈው ይህ ሁለተኛው የወቀሳ ደብዳቤዬ ነው፤ ለዚህኛው መልስ አልጠብቅም። ያለዎት ማኅተም ብቻ መሆኑን አውቃለሁና።

እኔም ንጹሕ አይደለሁም። የማኅበራችን አባል የሃኒ አባት አገር ቤት ሲሞት ሦስት ሳምንት ሙሉ ከእናንተ ጋር ደብቄአታለሁ። አገር ቤት እንዳትደውል ቻርጀሯን የሰወርኩት እኔ ነኝ። ያኔ ደግነት መስሎኝ ነበር።

እሾህ የለቀመልኝን እጅዎን በምናብ እየሳምኩ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር፣

ቦሰና፣
የአርብ ትምህርት ምሩቅ፣ ከአል ሻጢእ

ማሳሰቢያ፦ አቶ ምንያህል ይህንንም በመዝገቡ እንዲገለብጡት ይዘዙልኝ፤ በሰባት ቀን አይጠፋም። ለሃኒ ትናንት ደውዬ የቻርጀሩን ነገር ነግሬአታለሁ። እስካሁን አላናገረችኝም። የእርስዎም ቀን ሲደርስ፣ ዕድሜ ይስጥዎና፣ ለባለቤትዎ በዚያው ሰዓት እደውላለሁ፤ ኮሚቴውን አልጠብቅም። ከእንግዲህ የሰው ሞት በሆዴ ይዤ ማንንም ዓሣ አላጎርስም።