«ተመስገን በይ» ስላሉኝ ነገር

ለማከብርዎትና በጣም ለምወድዎት እማማ፤

እንደምን ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎ ብርዱን እንዴት ቻለው? ዓይንዎስ? ጠብታውን በሰዓቱ እየጨመሩ ነው ወይስ «አሁንማ አየሁ፣ ምን ይሠራልኛል» ብለው ጠርሙሱን ለጎረቤት ሰጡት? አይሰጡም አይባልም፤ አውቅዎታለሁ። እህትዎስ እንዴት ናቸው? እሳቸው ቤት እስካሉ ድረስ የምግብ ነገር አያሳስበኝም። ሁላችሁንም እግዜር በደህና ያቆይልኝ። እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ የምለው ደብዳቤ ሲጀመር እንዲህ ስለሚባል ነው እንጂ፣ እውነቱን ከፈለጉ በነገርም ተቃጥያለሁ፣ በእንፋሎትም ተቃጥያለሁ። ቀለል ያለው የእንፋሎቱ ነው፤ አይደንግጡ፣ ወደ ታች እነግርዎታለሁ።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ያሉት እርስዎ ነዎት። ሐኪሙ ያንን ሞራ ከዓይንዎ ላይ ገፍፎልዎት ወደ እህትዎ ሲመለሱ፣ የአውቶብሱን መስኮት ከፍተው እጄን እንደያዙ «ስልክ የጆሮ ነው፤ እኔ አሁን ዓይን አለኝ፤ በእጅሽ ጻፊልኝ» አሉኝ። እሱስ ባልከፋ። አልበቃዎትም፤ አውቶብሱ መንቀሳቀስ ጀምሮ ሳለ «በማዕድ ላይ፣ በመንገድ ላይ፣ በሥራሽ ላይ ተመስገን ያልሽበትን ጻፊልኝ! ለሰው የሰጠሽውንም ጨምሪበት!» ብለው ጮኹ። ተሳፋሪው ሁሉ አንገቱን አስግጎ አየኝ። እኔም አፍሬ እሺ አልኩ። እሺ ያለ አፌን እየረገምኩ ነው ይህን የምጽፍልዎት።

ከማዕዱ ልጀምር። እርስዎ ለዓይንዎ ሕክምና እኔ ጋ ከመምጣትዎ በፊት ምሳዬን እንዴት ነበር የምበላው? በምሠራበት የልብስ ማጠቢያ ድርጅት የሠራተኞች ምግብ ቤት፣ ከእጅ መታጠቢያው አጠገብ ካለችው ጥግ፣ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ። ልጅዎ ትቶኝ ከወጣ ወዲህ ሰው «እንዴት ነሽ» ማለቱን ስለማይተው፣ ግድግዳ ተስማምቶኝ ነበር፤ ግድግዳ አይጠይቅም። እርስዎ አንድ ቀን የረሳሁትን ቁልፍ ሊያቀብሉኝ መጡ። ቁልፍ አቀብሎ መሄድ ማንን ገደለ? ተቀመጡ። ከሳህኔ ሾርባ ቀመሱ። ወጥ ቤቷን ከጓዳ አስጠርተው፣ ሁለት እጇን ይዘው፣ «እጅሽ ይባረክ፣ እንዲህ ያለ ሾርባ ቀምሼ አላውቅም» አሏት። እማማ፣ ያ ሾርባ እኮ ጨው ነው! የሠራተኛው ሁሉ ምሬት ነው። ምግብ ቤቱ ከተከፈተ ጀምሮ ያንን ሾርባ ያመሰገነ ፍጡር እርስዎ ብቻ ነዎት። ሴትዮዋ ዕንባዋ መጣ። ከዚያ ቀን ወዲህ ለኔ ስትጨልፍ ጭልፋዋን እስከ ድስቱ ወለል ሰዳ ድንቹንም ካሮቱንም ለኔ ታወጣለች፤ ከኋላ የተሰለፈው ሰው ያጉረመርማል። ከዚያም አጠገቤ ቆማ እስክውጥ ትጠብቃለች። «እንዴት ነው ዛሬ?» ትለኛለች። «ግሩም ነው» እላታለሁ። በየቀኑ ጨው እየጠጣሁ በየቀኑ እዋሻለሁ። ተመስገን ልበል?

መንገዱም ያው ነው። የጠዋቱን አውቶብስ ሾፌር «ቀስ በል ልጄ፣ አትሽቀዳደም» እያሉ ስንቴ ነገሩት? ይኸው አሁን ተሳፋሪው ሁሉ «ቀስበል» ነው የሚለው፤ ስሙ ሆኖ ቀርቷል። ቀስ ማለቱንም በምርቃትዎ ተምሮታል፤ እኔ ሥራ ማርፈድ ጀምሬያለሁ። ድሮ ኋላ ወንበር እቀመጥ ነበር። ጭንቅላቴን መስታወቱ ላይ አስደግፌ፣ ማልቀስ ካሰኘኝ አልቅሼ፣ ከመውረዴ በፊት ፊቴን ጠርጌ እወርዳለሁ፤ ማንም አያየኝም። አሁን ረዳቱ ከሾፌሩ ጎን ያለውን ወንበር በጃኬቱ ይዞ ይጠብቀኛል። ሞተሩ ከሥር ነው፣ እግሬ እንደ ዳቦ ይበስላል። «ለሌላ ሰው ስጠው» ስለው «እማማ አደራ ብለውኛል» ይለኛል። ማን አደራ በሉ አለዎት? ቀስበል ደግሞ መንገዱን ትቶ ወደኔ እየዞረ «እማማ ደወሉ ወይ? ዓይናቸው እንዴት ሆነ?» ይላል። «ፊትህን ወደ መንገዱ!» እያልኩ ስጮህ እደርሳለሁ። እዚያ ወንበር ላይ ማልቀስ የሚባል ነገር የለም።

ለሰው ስለ መስጠት ያሉትን ደግሞ እርስዎ ራስዎ ጨርሰውልኛል። ጃንጥላዬን ለሕንፃው ጥበቃ ሰጥተው ሄዱ! ዝናብ ሲመጣ በገዛ ጃንጥላዬ ሥር ቆሞ «እግዜር ይስጥልኝ፣ እማማን ሰላም በይልኝ» ይለኛል፤ እኔ እንደ ዶሮ ረጥቤ በፊቱ አልፋለሁ። «መልስልኝ» እንዳልለው ደግሞ ገና ሲያየኝ ፊቱ ይፈካል። ምን ዓይነት ነገር ውስጥ ነው የከተቱኝ?

ከላይኛው ፎቅ ያሉት ጡረተኛው ፖስተኛ ደግሞ ይብሳሉ። በየእሁዱ ምሳ በሳህን ይልኩላቸው የነበሩት። እርስዎ በሄዱ በሳምንቱ ባዶ ሳህን ይዘው በሬን አንኳኩ። «እማማ የሉም» አልኳቸው። «አውቃለሁ፣ ሳህናቸውን ልመልስ ብዬ ነው» አሉና ሳህኑን ሰጥተውኝ፣ እጃቸውን ኪሳቸው ከትተው፣ ቆሙ። ምን ላድርግ? ሞልቼ ሰጠኋቸው። በሚቀጥለው እሁድ ያንኑ ሳህን ሊመልሱ መጡ። አንድ ሳህን ስንት ጊዜ ተመልሶ ነው የሚያልቀው?

አሁን የእንፋሎቱን ልንገርዎት። የሆቴሎቹን አንሶላ የምንተኩስበት ትልቁ ማሽን ክዳኑ በደንብ አልገጥም ካለ ቆይቷል። ለአለቃችን ነግረን ነግረን ሰለቸን፤ «እየሠራ አይደል? ምን ሆነ?» ነው መልሱ። ባለፈው ወር እንፋሎቱን በኔ ላይ ተነፈሰ። ቀኝ እጄን፣ ከጣቶቼ እስከ ክርኔ። ጣቶቼ ይታዘዙኛል፣ ፋሻው ወርዷል፣ ይኸው እየጻፍኩበት ነው፤ ፊደሉ ከተንሻፈፈብዎት ዓይንዎን አይጠራጠሩ፣ የኔ እጅ ነው። በስልክ ያልነገርኩዎት ጠብታዎን ጥለው ተነስተው እንደሚመጡ ስለማውቅ ነው። አለቃችን ማሽኑን አስጠግኖታል። እኔ ከተቃጠልኩ በኋላ!

እኔ የፈለግሁት በሬን ዘግቼ መተኛት ነበር። ሰው ሲታመም እንኳ አያርፍም? በማግስቱ ወጥ ቤቷ በቆርቆሮ ሳፋ ሾርባ ተሸክማ መጣች። ያንኑ ሾርባ። ወዲያው ረዳቱ መጣ፤ አውቶብስ ውስጥ አውጆት ኖሮ፣ ከኋላው በስም የማላውቃቸው ተሳፋሪዎች «የእማማ ምራት ቤት ይህ ነው?» እያሉ ብርቱካን በፌስታል ይዘው ገቡ። ገብተውም ተቀመጡ። እጄን ሊጠይቁ ለመጡ ሰዎች በአንድ እጄ ሻይ ሳፈላ ይታይዎት! ፖስተኛው ደግሞ ሳህኑን የሚሞላ ሰው ስለጠፋ እሳቸው ሊያበስሉልኝ ወሰኑ። እጃቸው እንደሚንቀጠቀጥ ያውቃሉ። ድንች ልጠው ሲጨርሱ የምትቀረው የርግብ እንቁላል ታክላለች፤ ሌላው ከልጣጩ ጋር ቅርጫት ይገባል። «ይተዉት፣ በግራዬ ልላጠው» ስላቸው ይቆጣሉ። እየላጡ ድሮ ደብዳቤ ሲያድሉ የነከሳቸውን ውሻ ሁሉ በየተራ ያወሩልኛል። ድንቹን ቀቅለው አቀረቡልኝ፤ ጨው ረስተዋል። አንስቼ ወጥ ቤቷ ባመጣችው ሾርባ ውስጥ ጨመርኩት። ተስማሙ። ይህችን አንዷን ተመስገን ብዬባታለሁ፤ ትያዝልኝ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። እስካሁን ዙሪያ ጥምጥም የሄድኩት ፈርቼ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ልጅዎ መጣ። ፒካፕ ተከራይቶ፣ ተሸካሚ ይዞ። የፍቺው ወረቀት ካለቀ ወዲህ ይህን ደጅ ሲረግጥ የመጀመሪያው ነው። ፖስተኛው ድንች እየላጡ ነበር፤ ረዳቱ ዕረፍቱ ስለነበር አምፖል ሊቀይርልኝ ወንበር ላይ ወጥቷል። ልጅዎ አያቸው፣ እነሱም አዩት። እንደምን አደራችሁ እንኳ ሳይል «የእማዬን አልጋ ልወስድ ነው» አለኝ። ከእንግዲህ እሱ ጋ ነው የሚኖሩት፤ ክፍሉን አጽድቶ ቀለም ቀብቶታል፤ የለመዱት አልጋ ካልሆነ እንቅልፍ እንደማይወስድዎት ያውቃል።

«አልጋው አይወጣም» አልኩት።

«ለምን?»

«አይወጣማ።»

«አንቺ እኮ ከእንግዲህ ምኗም አይደለሽም» አለኝ።

በክፋት አላለውም፤ ያውቁት የለ፣ ሲጨንቀው ምላሱ ይቀድመዋል።  እኔን ግን በነገር ማን ችሎኝ ያውቃል? ሄጄ አልጋዎ ላይ ቁጭ አልኩ፣ በቃ። ተሸካሚው ገመዱን ትከሻው ላይ እንዳደረገ አየኝና «እትዬ፣ ይነሳሉ ወይስ ከነእርስዎ ላንሳው?» አለ። ረዳቱ ከወንበሩ ሊወድቅ እስኪደርስ ሳቀ። እኔም ሳላስበው ሳቅ አመለጠኝ። ልጅዎም ሊስቅ ምንም አልቀረው፤ ከንፈሩን ነክሶ ያዘው።

ከዚያ እጄን አየ። «ምን ሆነሽ ነው?» አለኝ፣ በድሮው ድምፁ። ነገርኩት። ተሸካሚውን ውጭ ጠብቀኝ ብሎ በርጩማው ላይ ተቀመጠ። ፖስተኛው ውሃ ሰጡት፤ በሚንቀጠቀጥ እጃቸው ግማሹን ሱሪው ላይ ደፍተው። ሱሪውን በመዳፉ አበሰ። ከዚያ የነገረኝን ነው እንግዲህ የምጽፍልዎት፤ አዲሷ ባለቤቱ አርግዛለች። ለመውለድ ተቃርባለች። ክፍሉን ቀለም ሲቀባ የነበረው ለሁለታችሁም ነው፣ ለእርስዎና ለሚመጣው። «ለእማማ ለምን አልነገርክም?» ብለው «በምን አፌ? አንቺ ጋ እየበላች፣ አንቺ ጋ እየታከመች፣ በምን አፌ?» አለኝ። እኔም «እሳቸው ይምረጡ» አልኩት። «እሺ፣ ትምረጥ» ብሎ ተነሳ። አልጋውን ትቶ ሄደ።

ዝም ልልዎት እችል ነበር። ልጅዎ እስኪደፍር ድረስ ብጠብቅ ማን ይወቅሰኛል? እርስዎም ምንም ሳያውቁ ዕቃዎን ይዘው እኔ ጋ ይመጡ ነበር፤ ትኬት ቆርጬ ልልክልዎት ሁሉ አስቤ ነበር። ግን ሰው የሚመርጠው ሁለቱንም አይቶ ነው። በዚህ ቤት ዓመት አልፎ ዓመት ሲተካ ምን ሲጠበቅ እንደኖረ እርስዎም እኔም እናውቃለን። አንድ ቀን በነገር ነክተውኝ፣ አንድ ቀን ሆዴን አይተው አያውቁም። እንኳን ለአያትነት አበቃዎት እማማ። እዚህ ላይ እጄን አሞኛል፤ ቁስሉ ገና ነው።

እንዳይሳሳቱብኝ፣ ይምጡ አላልኩም። ያለውን ብቻ ነው የምነግርዎት። ሾርባው አልተሻሻለም። ቀስበል ሰላም ብሎዎታል፤ የፊት ወንበሩን ለእርስዎ እለቅልዎታለሁ፣ በደስታ። የዓይንዎ ሐኪም ከልጅዎ ቤት ይልቅ ለኔ ቤት ይቀርባል፤ ይህ የኔ ጥፋት አይደለም። ሕፃን ያለበት ቤት እንቅልፍ እንደማያስተኛ ደግሞ ዓለም የሚያውቀው ነው፤ እኔ አልጨመርኩበትም። እዚያ ሆነው ልጁን ቢያቅፉ ደስ ይለኛል፤ ደስ ባይለኝም ደስ ይለኛል። ወር እዚያ፣ ወር እዚህ ቢሉም የሚከለክልዎት የለም። በርዎን ያውቁታል።

ልጅዎ እንደሄደ ፖስተኛውና ረዳቱ ተያይዘው፣ «ጠዋት ፀሐይ ታግኛቸው» ብለው አልጋውን ወደ መስኮቱ አዞሩት። ማን አዘዛችሁ ብዬ ጮህኩባቸው። ሲያዞሩት ከበሩ አላትመው ቀለሙን ልጠውታል። አዲስ አንሶላ አንጥፌበታለሁ። በግራ እጄ ነው የተኮስኩት፤ መጨማደዱን ይለፉኝ።

ዕድሜና ጤና አይለይዎ። ዓይንዎን ደግ ደጉን ያሳይልኝ። የሚወለደው የሚባረክ፣ የሚያሳድጉት እጆች የማይዝሉ ይሁኑ። ለእህትዎ ሰላምታዬን ይንገሩልኝ። ጠብታውን አደራ።

እየተነጫነጨች የምትወድዎት፣

ልጅዎ