ሦስት ምት ከቆመው መፍጫ

ውድ ጋሼ፣

ካረፉ አምስት ዓመት ሆነዎት። መቃብርዎ ጋ እንኳ ደርሼ አላውቅም፤ በምን ዓይኔ! ዛሬ ግን ከልቤ ፈርቻለሁ፤ ከእርስዎ ሌላ ለማን ልንገር?

በካቻቪቴ ማሽን ሲያዳምጡ ትዝ ይለኛል። ጫፉን ዘንጉ የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ ላይ፣ እጀታውን ጆሮዎ ላይ አድርገው «ዝም በል፣ ይቺ ልትታመም ነው» ይሉኝ ነበር። አሁን ያንን የሚሠራው ሴንሰር የሚሉት የክብሪት ቀፎ የሚያህል ነገር ነው። ባትሪ የለውም። ማሽኑ ሲንቀጠቀጥ ከዚያው ኃይል ያገኝና ድምፁን ወደ ኮምፒውተር ይልካል። ባለፈው ሳምንት የፋብሪካችን ሦስተኛ መፍጫ ላይ ገጠሙት፤ እርስዎ የሞቱበት ላይ።

ሰኞ በምሳ ሰዓት፣ መፍጫው ቆሞ ሳለ፣ ኮምፒውተሩ ድምፅ አሰማ። ኳ፣ ኳ፣ ኳ። አዲሷ ኢንጂነር ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«ይሄ እንዴት ይሆናል? ማሽኑ ከቆመ እኮ ሴንሰሩም ይሞታል።»

«ብረቱ እየበረደ ይሆናል» አልኳት።

«እየቆጠረ ነው እንዴ የሚበርደው?»

ማክሰኞም ረቡዕም በዚያው ሰዓት ሦስት ምት። መብራት ይዤ ውስጡን አየሁ። ባዶ ነው።

ሕጉን ያወጡት እርስዎ ነበሩ፤ ለጥገና መፍጫው ውስጥ የገባ ሰው «አለሁ» ለማለት ሦስት ጊዜ ያንኳኳል፣ ማብሪያው ጋ ያለው አንድ ጊዜ ይመልሳል። ያን ቀን፣ ልክ በምሳ ሰዓት፣ አለቃው «ምን ይገትርሃል?» ብሎ ሲጮህብኝ እጄ ማብሪያው ላይ ነበር። ተጫንኩት። ለመርማሪዎቹ «አላንኳኩም» አልኩ። እነሱም «በራሳቸው ቸልተኝነት» ብለው ጻፉ። ልጅዎ እስከ ዛሬ ባገኘችኝ ቁጥር «አባቴ እንዴት ይረሳል?» ትለኛለች፤ እኔም አብሬያት ራሴን እነቀንቃለሁ።

ዛሬ ሐሙስ ማብሪያው ጋ ቆሜ አንድ ጊዜ መለስኩልዎት። በዚያ ያበቃል ብዬ ነበር። ወዲያው ሦስቱ እንደገና መጡ። አሁን በኮምፒውተሩ አይደለም፣ በገዛ ጆሮዬ ነው የሰማኋቸው። ያን ጊዜ ገባኝ። እርስዎ የሚጠብቁት የእኔን ምት አይደለም።

ማብሪያውን ቆልፌ ቁልፉን ኪሴ ከትቻለሁ። አለቃው እንደፈለገ ይጩህ። ከዚህ ተነስቼ በቀጥታ ልጅዎ ቤት ነው የምሄደው፤ ይህን ደብዳቤ ፊቷ ቆሜ አነብላታለሁ፣ እስከ መጨረሻው መስመር።

አንኳኩተው ነበር፣ ጋሼ። ሦስቱንም ቆጥሬያለሁ።

«ጆሮ ዳባ» እያሉ ይጠሩት የነበረው ተማሪዎ