ለ«ጠቅ ጠቅ» የተጨበጨበ ጭብጨባ

ለተከበሩ የልጆች አእምሮ ሕክምና ማዕከል ዳይሬክተር፣
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? እኔ ከፀጉር ቤቴ፣ ከማድረቂያዎቹ ጩኸት መካከል፣ ደህና ነኝ። ራስዎን እንኳ እንዳያምዎ እመኛለሁ፤ ድንገት ቢያምዎ ግን አደራ፣ እዚያ የማግኔት ማሽንዎ ወንበር ላይ እንዳይቀመጡ።

ምናልባት ካላስታወሱኝ፣ በማዕከልዎ የቀን ትምህርት ክፍል ውስጥ መስኮቱ ሥር የምትቀመጠው፣ ኦቲዝም ያለባትና ቃል የማትናገረው ልጅ እናት ነኝ። ልጄ የማግኔት ሕክምናውን ካልቀጠለች ከትምህርት ክፍሉ እንደምትወጣ ባለፈው ሳምንት በጸሐፊዎ በኩል አስነግረውኛል። መልሴን በአደባባይ የምሰጠው፣ እንደ እርስዎ ያለ ትልቅ ሰው በጓዳ ሊመሰገን አይገባም ብዬ ነው።

አንደኛ፦ ስለሰጡኝ ተስፋ አመሰግናለሁ። ማግኔቱ ጭንቅላቷ ላይ ጠቅ ጠቅ እያለ አንጎሏን እንደሚቀሰቅስና ብዙም ሳይቆይ «እማዬ» እንደምትለኝ ያለ አንዳች ማመንታት አረጋገጡልኝ። ነገሩ ገና በጥናት ላይ እንዳለ፣ የሚያጠኑትም ሰዎች ራሳቸው እርግጠኛ እንዳልሆኑ የሰማሁት ከሌላ ሐኪም ነው። እርስዎ ግን ጥናቱ ሳያልቅ ውጤቱን አወቁት፤ ወይ ዕውቀት! እኔም ለዚያች አንዲት ቃል ስል አመንኩዎ።

ሁለተኛ፦ ስለ ጭብጨባው አመሰግናለሁ። ልጄ የሰማችውን ድምፅ ሁሉ አሳምራ ታስመስላለች፤ ማድረቂያውን ካጠፋሁት በኋላ እንኳ እሷ ስለምትቀጥልበት ደንበኞቼ ከሥሩ አልነሳ ይላሉ። ይህን በመጀመሪያው ቀን ነግሬዎ ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ። ከዚያ ማሽንዎ ተበላሽቶ ድምፁ የጠፋ ዕለት፣ ልጄ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ዝምታው ግራ ቢገባት፣ በምላሷ ጠቅ ጠቅ እያለች ሥራውን ሠራችለት። እርስዎም ከቢሮዎ ሮጠው መጥተው «መናገር ጀመረች!» በማለት ሠራተኛውን ሁሉ ጠርተው አስጨበጨቡ፤ ማሽኑን የሚያሠራው ባለሙያ ዛሬ እኮ አልሠራም ሊልዎ ቢሞክር በዓይንዎ ገላመጡት። አሁን ደግሞ በማዕከሉ የጉብኝት ቀን መድረክ ላይ አውጥተው ለሌሎች ወላጆች ሊያሳዩዋት ይፈልጋሉ።

ሦስተኛ፦ እዚህ ላይ ምስጋናዬ ያልቃል። ልጄ ሰው ራሷን ሲነካት አትወድም። ቀኑን ሙሉ የሰው ፀጉር ስሠራ የምውለው ሴትዮ፣ የገዛ ልጄን ፀጉር ለማበጠር ስንት ዓመት ደጅ ጠናሁ። መጀመሪያ በጣቴ፣ ቀስ እያልኩ በማበጠሪያ፣ በመጨረሻም ራሷ መጥታ ጉልበቴ መካከል ትቀመጥና ጀርባዋን ትሰጠኝ ጀመር። ሠራተኞችዎ ማግኔቱ እንዳይንሸራተት ብለው ራሷን ግራና ቀኝ ጥርቅም አድርገው ከያዙት ወዲህ ግን ማበጠሪያ ባነሳሁ ቁጥር አልጋ ሥር ትገባለች። ይኸው የፀጉር ሠሪ ልጅ ፀጉሯ ተንጨባሮ ትሄዳለች፤ ጎረቤት ይስቃል። ይሳቅ! እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። አንድ ቃል እሰጥሻለሁ ብለው፣ ያለ ቃል የምንግባባባትን ያቺን ሰዓት ወሰዱብኝ።

እንግዲህ ቁርጡን ይወቁት። ልጄን ከዚያ ወንበር ላይ መልሼ ካስቀመጥኩ ዓይኔን ግንባር ያድርገው። መድረክዎም ላይ አትወጣም። ሰኞ ጠዋት ግን ቦርሳዋን አንግታ፣ ፀጉሯ እንደተንጨባረረ፣ መስኮቷ ሥር ትቀመጣለች፤ ያ ቦታ የልጅነቷ እንጂ የማግኔቱ ጉርሻ አይደለም። ጥበቃዎ በሩን ቢዘጋብን፣ ወንበሬን ከነመስታወቴ ደጅዎ ላይ ዘርግቼ የሰው ፀጉር እየሠራሁ እስኪከፈት እጠብቃለሁ። የፀጉር ቤት ወሬ በምን ፍጥነት እንደሚጓዝ ባለቤትዎን ይጠይቋቸው፤ ደንበኛዬ ናቸው።

ለእርስዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለማሽንዎ ረጅም ዕረፍት እየተመኘሁ፣ ከልብ የማከብርዎ፣ ከእንግዲህ ግን የማልሰማዎ፣

የመስኮት ሥሯ ልጅ እናት

ማስታወሻ፦ ልጄ ሰሞኑን አዲስ ድምፅ አምጥታለች። እርስዎ ንግግር ከመጀመርዎ በፊት ጉሮሮዎን የሚጠራርጉባትን «እህ… እህህም» ቁርጥ እርስዎን አድርጋ ስታወጣት ፀጉር ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል። በእርስዎ መለኪያ ጠቅ ያለች ልጅ ተናገረች ከተባለ፣ አሁን ዳይሬክተር ሆናለችና ወንበርዎን ያሰናዱላት።