ስምሽ የሌለበት ሰሌዳ

ይድረስ አለፑዣ፣ ከውሃው ዳር ለምትኖሪው ለታናሽ እህቴ፣

ከሠላሳ ስምንት ዓመት ዝምታ በኋላ እንደምን ከረምሽ ማለት ያሳፍራል፤ ቢሆንም እንደምን ከረምሽ? ጉልበትሽስ? ዘንድሮ ዝናቡ ጠንክሯል ይላሉ፤ ውሃው ደጃፍሽን አልዘለለም? እኔ ኮቺ ከተማ ልጄ ቤት ነኝ፣ አሥራ አንደኛ ፎቅ። ዳሌዬ ከተሰበረ ወዲህ ውሎዬ ከአልጋ ወንበር፣ ከወንበር መስኮት ነው። በመስኮቱ የሚታየው ሌላ መስኮት ነው። ምግቡ ጨው የለውም። ሌላው ደህና ነው።

ይህን የምትጽፈው ነርሷ ክላራ ናት። የምለውን ሳታሳምር እንድትጽፍ አስምያታለሁ። «ጋሼ፣ ስድቡንም?» አለችኝ። ስድቡንም።

እንግዲህ በቀጥታ ልናገር። እኔ ማንበብ አልችልም። ዱሮም አልችልም ነበር። በማላያላም ቋንቋ አሥራ ሰባት ፊልም የሠራሁ ሰው፣ አንዲት ፊደል አልለይም።

በዘጠኝ ዓመቴ ከቤት ጠፍቼ ማድራስ ስገባ የፊልም መብራት ተሸካሚ ሆንኩ። መብራት ለመሸከም ፊደል አይጠየቅም። ከዚያ ረዳት፣ ከዚያም ዳይሬክተር ሆንኩ፤ ሁሉንም በዓይኔና በጆሮዬ። ረዳቴ ትዕይንቱን ለተዋንያኑ ጮክ ብሎ ያነባል፣ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ እሰማለሁ፤ አንዴ የሰማሁት ደግሞ አይጠፋኝም። ጋዜጦቹ «ወረቀት የማይዘው ዳይሬክተር» አሉኝ። እየተወደሰ ማን አፉን ይከፍታል? ውዳሴው ቤት ሆነልኝ፤ በር የሌለው ቤት።

እናታችን የኮኮናት ቃጫ እየገመደች ያሳደገችንን ታሪክ ለፊልሜ የጻፍሽው አንቺ ነሽ። በዝናቡ ወራት በረንዳ ላይ ተቀምጠሽ ሰባት ቀን አነበብሽልኝ። «ራስህ አታነበውም እንዴ?» ስትዪኝ፣ «ጽሕፈትሽ ዶሮ የጫረው ይመስላል፤ አንቺው አንብቢው» ብዬ ሳቅኩብሽ። ጽሕፈትሽ ምን እንደሚመስል እኔ በምን አውቄ!

ፊልሙ ሲያልቅ ባለገንዘቡ ኩንጁቫርኪ በፊልሙ መግቢያ የሚታዩትን፣ የሠራተኛው ሁሉ ስም የተጻፈባቸውን ጥቁር ሰሌዳዎች ደርድሮ አሳየኝ። «እንዴት ነው አለቃ፣ ይሁን?» አለኝ። ነጩ ቀለም አምሮ ነበር። ይሁን ለማለት እንደ አገራችን ልማድ ራሴን ግራና ቀኝ አወዛወዝኩ። ለካስ በደራሲው ቦታ የሚስቱን ወንድም ስም አስገብቷል።

ፊልሙ ከተማችን የታየ ቀን፣ የወርቅ ጥለት ያለውን ነጭ ልብስሽን ለብሰሽ ከባልሽና ከአማትሽ ጋር መጣሽ። ሰሌዳው አለፈ። አማትሽ «እኔ ጻፍኩት እያልሽ መንደሩን ያስቸገርሽው ይሄንን ነው? ስምሽን አይጥ በላው እንዴ?» ስትል ሰማኋት። ተነስተሽ ወጣሽ። ተከተልኩሽ። «ሰሌዳውን አላሳዩህም?» አልሽኝ። «አላነብም» የሚል አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ባልሽ ቆሟል፣ ጋዜጠኛው ቆሟል። «አሳይተውኛል፤ ያጸደቅኩትም እኔ ነኝ» አልኩሽ። መሃይም ከምባል ሌባ ልባል ብዬ መረጥኩ።

ዘንድሮ ያን ፊልም እያደሱት ነው፤ በሚመጣው ወር ትሪቫንድረም ለፊልም ፌስቲቫል ሊያሳዩት። ስሞቹን እንደ አዲስ የሚጽፉ ሁለት ወጣቶች ኮምፒውተር ይዘው መጡ። «ጋሼ፣ ስህተት ካለ አሁን ይንገሩን፤ ከዚህ በኋላ አይነካም» አሉኝ።

«አለ እንጂ! ድርሰቱ የእህቴ ነው» አልኳቸው።

«ታዲያ ያኔ ለምን ፈቀዱ?»

«ማንበብ ስለማልችል።»

ሳቁ። «የጋሼ ቀልድ መቼም አያልቅም!» አሉ። ሰማንያ ዓመት የሞላት አሮጊት ጋዜጣ በምታነብበት አገር ማን ያምነኛል? ልጄ ቢጆይ ግን አልሳቀም። እሱ «ወረቀት የማይዘው ዳይሬክተር» ብሎ በስሜ የፊልም ትምህርት ቤት ከፍቷል። ወጣቶቹን ወደ ኮሪደሩ ወሰዳቸውና «አባቴ ከወደቁ ወዲህ አእምሯቸው ይዋልላል፤ የድሮው እንዳለ ይሁን» ሲላቸው ሰማሁ። በማግስቱ ሐኪም አመጣብኝ፣ ስልኬንም ወሰደ። ጋዜጣ አምጡና ፈትኑኝ ብዬ ጮህኩ። ሐኪሙ «መነጽራቸው ይቀየር» ብሎ ሄደ። እንዲህ ነው የምኖረው፤ ስዋሽ ጤነኛ፣ እውነት ስናገር እብድ።

አንቺ እንኳ እውነቱን እወቂው ብዬ ክላራን ጻፊልኝ አልኳት። አድራሻሽን ስንፈልግ ከሣጥኔ ሥር አንድ ፖስታ አወጣች። ፊልሙ በታየ በወሩ የላክሽልኝ ነው። ከፍቼው አላውቅም። እርግማን መሰለኝ፤ የእህቴን እርግማን ደግሞ በሰው አፍ መስማት አልፈለግኩም።

«ልክፈተው?» አለችኝ።

«ክፈቺና እንዳለ አንብቢ፣ አንድም እንዳታስቀሪ» አልኳት።

ከፍታ ፊትና ጀርባውን ገለባበጠችው። «ጋሼ፣ የሚነበብ ነገር የለበትም» ብላ ሰጠችኝ።

በእርሳስ የሣልሽው የኛን በረንዳ ነው። ወለሉ ላይ ሁለት የሙዝ ቅጠል ጎን ለጎን ተነጥፏል፤ ጫፋቸው ወደ ግራ፣ እንደ ኦናም በዓል ማዕድ። ከአንደኛው ፊት አንቺ ተቀምጠሻል፤ ጉትቻሽን እንኳ አልረሳሽም። በሌላው ቅጠል ላይ ሩዙም ወጡም ቀርቧል፤ የተቀመጠ ሰው ግን የለም።

ክላራን ለጥቂት ጊዜ አስወጣኋት።

ለሚያነብ ሰው እንዲህ ያለ ደብዳቤ አይላክም፣ እህቴ፤ ለካስ ታውቂ ነበር። ስለዚህ ነገር ከዚህ በላይ አላስጽፍም።

አሁን የምለምንሽ አንድ ነገር ነው፤ እኔ ደግሞ ለምኜ አላውቅም። ከዚህ ፎቅ አልወርድም፤ ቁልፉ ልጄ ኪስ ውስጥ ነው። አንቺ ሂጂ። ትሪቫንድረም ገብተሽ ፌስቲቫሉን በሚያዘጋጁት ሰዎች ፊት ቁሚና «ወንድሜ ፊደል አይለይም» በያቸው። ከኔ አፍ ሲወጣ ቀልድ የሆነው ካንቺ አፍ ምስክርነት ይሆናል። እንዳታለሳልሺው። ቢጆይ ቢቆጣ ይቆጣ። ስምሽ ይግባ፤ የኔ ክብር ከወጣም ይውጣ።

የመንደራችን አምላክ ባጋቫቲ ጉልበትሽን ታጽናልሽ፣ ውሃውን ከደጅሽ ታርቅልሽ። ልጆችሽን ሳሚልኝ፤ አጎት አለን ብለው የሚያውቁ ከሆነ።

የቀረበለትን ማዕድ ያቀዘቀዘው፣
ታላቅ ወንድምሽ