የግራ እጄ ጉርሻ

ዘሃራዬ፣

በተኛሽበት ሰላም ይውረድልሽ። ከተለያየን ሰባት ወር ሞላ። ፊደሉ ከተንጋደደብሽ ይቅር በይኝ፤ በግራ እጄ ነው የምጽፈው። ደብተሩም ተለማመድበት ብለሽ የገዛሽልኝ ነው። አንቺ እያለሽ አንድ ገጽ አልሞላሁበትም፤ እልኸኛነቴን ታውቂዋለሽ።

የቤቱን ልንገርሽ። ጣሪያው ማፍሰሱን አልተወም። ልጃችን ሐያት ሦስተኛ ክፍል ገብታለች። ፀጉሯን የምትሠራት አክስቷ ናት፤ እኔማ በአንድ እጅ ሞክሬ አስለቀስኳት። ሥራም ጀምሬያለሁ። ሐይቁ ላይ መውጣት ባልችልም የዓሣ አስጋሪዎቹን መረብ እጠግናለሁ። መረቡን በእግሬ አውራ ጣት ወጥሬ፣ ቋጠሮውን በጥርሴ አጠብቃለሁ። ብታዪኝ ሆድሽን ይዘሽ ትስቂ ነበር።

በጦርነቱ ጊዜ፣ ሐይቁ ዳር መረብ ስስብ፣ የከባድ መሣሪያ ፍንጣሪ ቀኝ እጄን ሲወስደው ያዘንኩት ለእንጀራዬ ብቻ አልነበረም። በግራ እጅ መብላት ነውር ነው ተብሎ ያደገ ሰው እንዴት ከሰው ገበታ ይቀርባል? ሰርግ ቀረሁ፣ ለቅሶ ቀረሁ። ጎትተሽ ከወሰድሽኝም ሴቶቹን ትተሽ ከወንዶቹ መሀል ትገቢና በቀኜ ተቀምጠሽ ታጎርሽኝ ነበር። ሰው ሲያይሽ፣ አሞላቅቄው ነው፣ ከእጄ ካልሆነ አይበላም እያልሽ ኀፍረቴን ወደ ራስሽ ታዞሪው ነበር።

አንድ ነገር ብቻ ለመንሽኝ። በዒድ ዕለት፣ ወንድሞችሽ ባሉበት፣ አንዴ በገዛ እጅህ ጉረስና ልይህ አልሽኝ። እኔ ሳህኑን ገፍቼ ወጣሁ። ምግቡ መሬት ላይ ተበተነ፤ አንቺ ጎንበስ ብለሽ ለቀምሽው። ወር ሳይሞላ ድንገተኛ ሕመም ወሰደሽ። ዘሃራዬ፣ ከተቆረጠው እጄ ይልቅ ያ ሳህን ያመኛል።

በአርባሽ ሰደቃ ከሰው ጋር ተቀመጥኩ። ከጎኔ አንቺ የለሽም። እጄን አጣጥፌ ሳቀረቅር ጎረቤታችን ሸህ ሙሄ ጠጋ አሉኝና ግራ እጄን ነካ አድርገው፣ «ልጄ፣ አላህ ያስቀረልህ ይኼን ነው። ቢስሚላህ ብለህ ብላበት» አሉኝ። ጎረስኩ። ቀና ብሎ ያየኝ ሰው አልነበረም። የለመንሽኝን ያደረግሁት በራስሽ ሰደቃ ሆነ።

ትናንት ምሳ ላይ ሐያት ስታየኝ ቆይታ አፏን ከፈተችልኝ። አጎረስኳት። በግራ እጄ ማጉረስ አልለመድኩምና ግማሹ መሬት ወደቀ፤ እሷም እንዳንቺ ጎንበስ ብላ ለቀመችው። ተነሥቼ ደጅ ወጥቼ አለቀስኩ።

አልረሳሽም። ከእንግዲህ ከለቅሶም ከሰርግም አልቀርም። በተቀመጥኩበት ገበታ ሁሉ ግን በቀኜ በኩል ያንቺን ቦታ ባዶ እተዋለሁ፤ ጠጋ በል ቢሉኝም አልጠጋም።

ያሞላቀቅሽው ባልሽ